ከባኒ ወሊድ እስከ ልደታ፦ በሁለት የሰው ንግድ መዝገቦች ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ባጭሩ

ይህ ጽሑፍ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ የታዩ ሁለት ጉዳዮችን ይመለከታል። ተከሳሾቹ ሁለቱም ኤርትራውያን ናቸው። የተከሰሱበት ድርጊት የተፈጸመው ሊቢያ ውስጥ ሲሆን በክሱ የተጠቀሱት ተበዳዮች ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የሰዎቹ ስም በዜና ብዙ ጊዜ ወጥቷል፤ እዚህ የምናየው አሠራሩን ስለሆነ «የመጀመሪያው» እና «ሁለተኛው» ብንላቸው ይበቃል።

የመጀመሪያው ፍርድ ሳይሰጥ ከፍርድ ቤት ግቢ ወጥቶ ጠፋ፤ በሌለበት ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ሁለተኛው 18 ዓመት ተፈርዶበት፣ ፍርዱን ከጀመረ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጠ።

በተደራጀ ወንጀል ላይ ሕግ ሲወጣ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በቅጣቱ መጠን ላይ ያተኩራል። በእነዚህ መዝገቦች ቅጣት አላነሰም። ያነሰው ሰውየውን ይዞ ማቆየት፣ ምስክርን መጠበቅና ገንዘቡን መከተል ነው።

ንግዱ እንዴት ይሠራ ነበር

ባኒ ወሊድ ከትሪፖሊ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ በረሃማ ከተማ ናት። ከ2006 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት በዙሪያዋ ያሉ መጋዘኖች በሺዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያን፣ ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን የታገቱባቸው ቦታዎች ሆኑ።

አሠራሩ ከአገር ቤት ይጀምራል። ደላላው ለልጁ «አሁን ውጣ፣ ሒሳቡ በኋላ ይደርሳል» ይለዋል። መተማን አልፎ ካርቱም ሲደርስ ሌላ ሰው ይረከበዋል፣ በረሃውን ሲያቋርጥ ደግሞ ሌላ። ባኒ ወሊድ ሲደርስ በመነሻው የተነገረው ዋጋ ተረስቶ አዲስ ሒሳብ ይጠየቃል፤ መጠኑ ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ተከፍቶ እናት እየሰማች ልጇ ይገረፋል፣ ወይም የሚቀልጥ ፕላስቲክ ገላው ላይ ይንጠባጠባል። ቤተሰብ ከብት ይሸጣል፣ ቤት ያስይዛል፣ ከዘመድ ይለምናል፣ በፌስቡክ ርዳታ ያሰባስባል። ከፍሎም ለሌላ ቡድን ተሽጦ እንደገና የተጠየቀበት ብዙ ነው።

ለወንጀል ሕግ ባለሙያ ዋናው ነገር ክፍያው ሊቢያ ውስጥ አለመፈጸሙ ነው። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ቤተሰቡ ባለበት ነው፤ አዲስ አበባ፣ ካርቱም፣ ዱባይ ወይም አውሮፓ። ገራፊው ሊቢያ፣ ገንዘብ ተቀባዩ ሌላ አገር፣ ደላላው ደግሞ የተበዳዩ መንደር ውስጥ ነው። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ክስ ማገናኘት ካልተቻለ የሚቀጣው አንድ ሰው ነው፤ ቡድኑ ሌላ አለቃ ተክቶ ይቀጥላል።

ኢትዮጵያ የመዳኘት ሥልጣን ያገኘችው እንዴት ነው

ድርጊቱ ሊቢያ ተፈጽሞ፣ ተከሳሹ የውጭ ዜጋ ሆኖ፣ ልደታ እንዴት ያየዋል? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 17 ኢትዮጵያ በተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የተደነገጉ ወንጀሎች በውጭ አገር ቢፈጸሙም እዚህ እንዲዳኙ ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የተደራጁ ወንጀሎች ስምምነት በ1999 ዓ.ም.፣ የሰው ንግድ ፕሮቶኮሉን በ2004 ዓ.ም. ተቀብላለች። የማስፈራራቱ ስልክ የተደወለውም፣ ገንዘቡ የተከፈለውም ኢትዮጵያ ውስጥ ባለ ቤተሰብ ላይ ከሆነ ደግሞ የወንጀሉ ውጤት ከፊሉ እዚሁ ደርሷል ማለት ነው።

አንድ የጊዜ ጉዳይም ነበር። ሰዎቹ የተያዙት በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ ነው። በዚያው መጋቢት የሰው ንግድን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወጥቶ የቀድሞውን አዋጅ 909/2007 ተካ። ድርጊቶቹ ግን በአብዛኛው የቀድሞው አዋጅ በሥራ ላይ በነበረበት ዘመን የተፈጸሙ ናቸው። እንዲህ ሲሆን መርሁ የታወቀ ነው፦ የሚያስቀጣው ድርጊቱ ሲፈጸም የነበረው ሕግ ነው፤ አዲሱ ለተከሳሹ የሚቀል ከሆነ ግን አዲሱ ይሠራል። በየክሱ ሥር የድርጊቱን ቀን በትክክል ያላስቀመጠ ዐቃቤ ሕግ ለክስ መቃወሚያ በር ይከፍታል።

መያዝ

የመጀመሪያው ሰው በኔዘርላንድስ ዐቃቤ ሕግ ሲፈለግ የቆየ ቢሆንም አዲስ አበባ ላይ ያስያዘው ባኒ ወሊድ ታግቶ የነበረ አንድ ወጣት ነው። መንገድ ላይ አይቶ ለየው፤ ለፖሊስ ነገረ። ሁለተኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ተያዘ።

ምርመራው ግን ከሞላ ጎደል ከባዶ የተነሳ ነበር። በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት ፖሊስ በአንድ ጊዜ ቀጠሮ ለምርመራ የሚፈቀድለት ከ14 ቀን አይበልጥም። በዚያ ላይ በመጋቢት 2012 ፍርድ ቤቶች በኮሮና ምክንያት በከፊል ተዘጉ። ከአፋር እስከ ደቡብ የተበተነ ተበዳይ ፈልጎ ቃሉን ለመቀበል ከዚህ የከፋ ወቅት አይገኝም።

የመጀመሪያው ሥራ ማንነትን ማረጋገጥ ነው። በእነዚህ ንግዶች ሰው የሚታወቀው በቅጽል ስም ነው፤ አንድ ቅጽል ስም ሁለትና ሦስት ሰው ሊይዘው ይችላል። የሚያስከትለው ስሕተት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት በጣሊያኗ ፓሌርሞ ከተማ የሆነውን ነገር ማስታወስ ይበቃል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ከካርቱም ወደ ጣሊያን የተላከው ኤርትራዊ የአንድ ትልቅ አሻጋሪ ቡድን አለቃ ነው ተብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሰውየው እሱ አለመሆኑን የበየነው በሐምሌ 2019 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከማስረጃዎቹ አንዱ ከእናቱ የተወሰደ የዘረመል ምርመራ ነበር። ሦስት ዓመት የታሰረው ሌላ ሰው ነበር ማለት ነው። በእኛው ጉዳይም ሁለተኛው ሰው ኔዘርላንድስ ከደረሰ በኋላ ያነሳው መከራከሪያ «የምትፈልጉት እኔን አይደለም» የሚል ነው።

ስለዚህ ምስክር ተጠርጣሪውን ከሌሎች መካከል እንዲለይ የሚደረግበት ሥርዓት ፎቶው በማኅበራዊ ሚዲያ ከመሰራጨቱ በፊት መደረግ አለበት። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ያየ ምስክር በኋላ ቢለየውም፣ ጠበቃው «ያወቅኸው ከመጋዘኑ ነው ወይስ ከስልክህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጥያቄውም ተገቢ ነው። ድምፅም ማስረጃ ነው፤ የደወለው ሰው በየትኛው ቋንቋ፣ በምን አነጋገር፣ ምን ብሎ እንዳስፈራራ ቤተሰቡ ከመርሳቱ በፊት መመዝገብ አለበት።

ክሱና ምስክሮቹ

የመጀመሪያው ሰው ስምንት ክስ ቀርቦበት ነበር፤ ሁለተኛው በአምስት ክስ ጥፋተኛ ተባለ። በሺዎች ታግተው በነበረበት ቦታ ይህ ቁጥር ሲታይ ትንሽ ነው። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ክስ የሚቆመው ስሙ በሚታወቅ ተበዳይ ላይ ነው፤ ችሎት ቀርቦ ለመናገር ፈቃደኛ የሆነ፣ አገር ውስጥ የሚገኝ ተበዳይ ደግሞ ጥቂት ነው። ባሕር የተሻገረው አውሮፓ ነው፤ ያልተሻገረው ሊቢያ እስር ቤት ነው ወይም ሞቷል።

ክሱን በየተበዳዩ ከፍሎ ማቅረብ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አንድ ምስክር ቢጠፋ የሚወድቀው አንዱ ክስ ብቻ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ቡድኑ ራሱ ሳይከሰስ መቅረቱ ነው። ጣሊያኖች በ1982 (እ.ኤ.አ.) በወንጀል ሕጋቸው ያስገቡት አንቀጽ 416 ቢስ የማፊያ ቡድን አባል መሆንን ብቻውን ወንጀል ስላደረገው፣ ፓሌርሞ ላይ በማፊያ ላይ በተካሄደው ትልቅ ችሎት ከ400 በላይ ሰዎች በአንድ መዝገብ ቀረቡ። የእኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 38 ስለ አድማ ቢናገርም በዋነኝነት የሚያገለግለው ለተካፋይነትና ለቅጣት ማክበጃ ነው። ልደታ ላይ የሊቢያው ጠባቂ፣ የካርቱሙ ተረካቢና የአገር ቤቱ ገንዘብ ተቀባይ በአንድ ክስ ስር አልቆሙም።

ለምስክሮቹ እንዳይመሰክሩ ገንዘብ እንደቀረበላቸው በወቅቱ ተዘግቧል። የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ማንነትን ከመደበቅ እስከ መኖሪያ መቀየር የሚደርሱ እርምጃዎችን ይፈቅዳል። ተበዳዩ ግን ከሊቢያ በዕዳ ተዘፍቆ የተመለሰ፣ ሥራ የሌለው ወጣት ነው። ጉቦ የሚያቀርበው ሰው የሚያውቀውም ይህንኑ ነው። የትራንስፖርትና የቀን አበል ሳይከፈለው አራት ጊዜ ቀጠሮ የተለወጠበት ምስክር አምስተኛው ላይ ቢቀር የሚያስገርም አይደለም።

ለዚህ ሕጉ ራሱ የሰጠው፣ ግን ብዙ የማይሠራበት አንድ መሣሪያ አለ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 80 በከፍተኛ ፍርድ ቤት በሚታይ ወንጀል ዐቃቤ ሕግ ሲያዝ ቀዳሚ ምርመራ፣ ማለትም ዋናው ክርክር ከመጀመሩ በፊት የምስክር ቃል በዳኛ ፊት የሚመዘገብበት ሥርዓት፣ እንዲደረግ ይፈቅዳል። በአንቀጽ 144 ደግሞ በቀዳሚ ምርመራ ተሰጥቶ የተመዘገበ ቃል ምስክሩ ከሞተ፣ ካልተገኘ ወይም ከአገር ከወጣ በችሎት ሊነበብ ይችላል። ዳግም ሊሰደድ የሚችል ወጣት ዋና ምስክር በሆነበት መዝገብ ይህን በመጀመሪያው ወር ማድረግ ዓመት ሙሉ እሱን ከመፈለግ ያድናል። ለፖሊስ ብቻ የተሰጠ ቃል ይህን ያህል ክብደት የለውም።

ማምለጡ

በየካቲት 2013 የመጀመሪያው ሰው ለቀጠሮ ልደታ ቀርቦ ሳለ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ልብሱን ቀይሮ ከሕዝብ ጋር ተቀላቅሎ ወጣ። አጃቢ የነበረ ፖሊስ በቁጥጥር ስር ዋለ።

ልደታ በየቀኑ ብዙ ባለጉዳይ የሚጎርፍበት ግቢ ነው። እስረኛ ከማረሚያ ቤት መኪና ወርዶ ችሎት እስኪገባ፣ ከችሎት ወጥቶ እስኪሳፈር ያለው ጊዜ ከሁሉም የበለጠ አደገኛው ነው። የታሳሪ ልብስ ያልለበሰ ሰው ካቴናው ሲፈታ ከባለጉዳይ አይለይም። የውጭ አገር ፍለጋ ያለበት፣ ብዙ ገንዘብ ያለውና ዕድሜ ልክ የሚጠብቀው ሰው እንደ ተራ ቀጠሮ እስረኛ መታጀብ አልነበረበትም። የሚያስፈልገው ውድ ነገር አይደለም፦ አጃቢዎቹ በየቀጠሮው የሚለዋወጡ ሁለት ሰዎች፣ እነማን እንደሚሆኑ እስከ ዕለቱ ጠዋት የማይታወቅ፤ መጸዳጃ ቤቱ አስቀድሞ የሚፈተሽ፤ በሩ የማይዘጋ፤ ማን መቼ እንደወሰደውና እንደመለሰው በሰዓት የሚፈረምበት መዝገብ። የመጨረሻው ነገር ከሁሉም ያነሰ ቢመስልም ጉቦ የሚከፍለው ሰው ማንን መግዛት እንዳለበት እንዳያውቅ፣ የተገዛውም እንዳይክድ የሚያደርገው እሱ ነው።

በሌለበት የተሰጠው ፍርድ

ፍርድ ቤቱ ነገሩን አላቋረጠም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 161 ከ12 ዓመት ባላነሰ ጽኑ እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል የተከሰሰ ሰው በሌለበት እንዲታይ ይፈቅዳል። በዚያው 2013 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ እስራትና 200,000 ብር መቀጮ ተወሰነበት። ሁለተኛው ደግሞ በግንቦት 2013 18 ዓመትና 200,000 ብር ተፈረደበት።

በሌለበት የተሰጠ ፍርድ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ባዶ ወረቀት አይደለም። ቃሎቹ ተሰምተው ተመዝግበዋል፣ ፍለጋው በፍርድ ላይ የተመሠረተ ሆኗል። ድክመቱ የሚታየው ሰውየው ሌላ አገር ሲያዝ ነው። ብዙ አገሮች በሌለበት የተፈረደበትን ሰው ከማስረከባቸው በፊት ጉዳዩ እንደገና እንዲታይለት ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። በእኛ ሕግ ፍርዱ እንዲነሳ ማመልከቻ የሚቀርበው ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ ሲሆን፣ መጥሪያ አልደረሰኝም ወይም ከአቅሜ በላይ የሆነ ነገር አገደኝ የሚል ምክንያት ያስፈልጋል። ከችሎት በር ያመለጠ ሰው ሁለቱንም ለማለት ይቸግረዋል። ለዚህም ሲባል ተከሳሹ በአካል የቀረበባቸው ቀጠሮዎች፣ የተነበበለት ክስ፣ የሰጠው የእምነት ክህደት ቃልና ጠበቃው የጠየቃቸው መስቀለኛ ጥያቄዎች በመዝገቡ ላይ በግልጽ መታየት አለባቸው።

ከድንበር ወዲያ

ሁለተኛው ሰው በመስከረም 2015 ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጠ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 21 ኢትዮጵያዊ ዜጋ ለውጭ አገር እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ ሰውየው ኤርትራዊ በመሆኑ ይህ እንቅፋት አልነበረም። ኔዘርላንዶች ጉዳዩን የያዙበት ገመድ እዚያ የሚኖሩ ኤርትራውያን ቤተሰቦች ናቸው። ማስፈራሪያው የተሰማው፣ ገንዘቡም የተከፈለው እነሱ ቤት ነው።

ክሱ በየተበዳዩ ተከፍሎ መቅረቡ እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም ይኖረዋል። አንድ ሰው በአንድ ድርጊት ሁለት ጊዜ አይከሰስም። ልደታ የፈረደው በስም በተጠቀሱ ኢትዮጵያውያን ላይ በደረሰ ግፍ ነው፤ የሌላ ተበዳይ ጉዳይ ሌላ ድርጊት ነው። ክሱ «በሊቢያ ብዙ ሰዎችን አግቷል» በሚል ጥቅል ቃል ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ተከላካይ ጠበቃ ሁለተኛውን ክስ ለማስቀረት በቂ መነሻ ያገኝ ነበር።

ትብብሩ ግን በጊዜው አልደረሰም። አውሮፓ ያሉ ተበዳዮች ቃል ለልደታ ችሎት አልቀረበም፣ ምስክሮቹ የአገር ውስጥ ብቻ ሆኑ። ከምክንያቶቹ መካከል ሁልጊዜ የሚነሳ አንድ ነገር አለ፤ የአውሮፓ አገሮች የሞት ቅጣት ሊያስከትል ለሚችል ክስ ማስረጃ ለመላክ ያመነታሉ። ዐቃቤ ሕግ ጥያቄውን ሲልክ ሞት እንደማይጠይቅ በጽሑፍ ቢያረጋግጥ መልሱ ይፈጥናል።

የመጀመሪያው ሰው ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 ሱዳን ውስጥ ተይዞ ወደ ተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ተወሰደ። ኢንተርፖል በወቅቱ እንደገለጸው የኢትዮጵያም የኔዘርላንድስም ቀይ የፍለጋ ማስታወቂያ ነበረበት። ዱካው የተገኘው በገንዘብ ነው፤ መርማሪዎች ወንድሙ ለእሱ ያደርግ የነበረውን ዝውውር ተከትለው ደረሱበት። አዲስ አበባ ላይ ዕድል ያስያዘውን ሰው ሱዳን ላይ ያስያዘው የገንዘብ ዝውውር ነው።

ለቀጣይ መዝገብ

ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው ትልቁ ነገር ገንዘቡን ይመለከታል። 200,000 ብር በ2013 ምንዛሪ 4,600 ዶላር ገደማ ነበር። ባኒ ወሊድ ውስጥ ይህ የአንድ ሰው ማስለቀቂያ ነው። ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ከአንድ እስረኛ ዋጋ የማይበልጥ መቀጮ የተጣለበት ሰው ድርጅት አልተነካም።

ሰው ሲያዝ በመጀመሪያው የጊዜ ቀጠሮ ጎን ለጎን የባንክ ሒሳብ ማገጃ መጠየቅ አለበት። ለዚያ የሚሆነው ማስረጃ ተበዳዩ ቤት ውስጥ አለ። ከእያንዳንዱ ቤተሰብ የሚሰበሰበው ይህ ነው፦ ገንዘቡ የገባበት ቀንና መጠን፣ የባንኩ ቅርንጫፍ፣ የሒሳብ ቁጥሩና የባለቤቱ ስም፣ ደረሰኙ ወይም የሞባይል ባንክ መልእክቱ፣ የተደወለበት ቁጥር። በ218 የሚጀምር ጥሪ ከሊቢያ፣ በ249 የሚጀምር ከሱዳን ነው። ጥሪው የገባበት ሰዓትና ገንዘቡ የገባበት ሰዓት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማንም ምስክር ሳይናገር ነገሩን ያሳያሉ። አንድ የሒሳብ ቁጥር በአምስት የማይተዋወቁ ቤተሰቦች እጅ ከተገኘ ደግሞ ባለ ሒሳቡ «ዕቁብ ነው» ወይም «የሸቀጥ ሽያጭ ነው» ማለት ይቸግረዋል። ቡድኑን የሚያስር ክስ የሚጀምረው ከዚህ ባለ ሒሳብ ነው፤ እሱ ደግሞ በረሃ ሳይሆን ከተማ ውስጥ ያለ፣ መጥሪያ ሊደርሰው የሚችል ሰው ነው።

በእጅ የተሰጠ ሐዋላ ይህን ዓይነት ደረሰኝ የለውም። እንዲያም ሆኖ ተቀባዩ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ይሰጣል፤ የሚስጥር ቁጥር ወይም የብር ኖት ተከታታይ ቁጥር በስልክ መልእክት ይላካል። ቤተሰብ ስልኩን ሲቀይር ወይም ሲሸጥ ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ መርማሪው የመልእክቱን ፎቶ በመጀመሪያው ቀን ማንሳት ያለበት ለዚህ ነው።

ሕገወጥ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክለው አዋጅ 780/2005 በሁለቱ ሰዎች ክስ ዘመንም ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ማስመለስ አዋጅ ደግሞ ከጥፋተኝነት ፍርድ ውጭም ንብረት የሚወረስበትን መንገድ ከፍቷል፤ ይህም ተከሳሹ ላመለጠበት መዝገብ በቀጥታ ይጠቅማል። ማገጃው ግን ሒሳቡ ባዶ ሳይሆን መድረስ አለበት፤ የአለቃው መያዝ በዜና ከተሰማ ተቀባዮቹ ገንዘቡን ለማውጣት ከሁለትና ሦስት ቀን በላይ አይፈጅባቸውም።